ሀሪኬን ሲመጣ፦ ባቡር ያርድ ለሚመላለስና ናፍታ ለሚቀዳ የሀበሻ ትራክ ሹፌር

ኦገስት 31 ቀን 2017፣ ሐሙስ ከሰዓት። ባለቤቴ ደወለች። «ማደያ ነኝ። ሰልፉ ዋናውን መንገድ ይዞታል» አለችኝ። የምንኖረው ጋርላንድ ነው፣ ዳላስ ጥግ። ሀሪኬን ሃርቪ የመታው ደግሞ ቴክሳስ ታች፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ነው። ሂውስተን እንኳ ከኛ 240 ማይል ያህል ይርቃል። እኛ ጋ ጠብታ የለም። «ሌላ ማደያ ሞክሪ» አልኳት። «ይሄ ሦስተኛዬ ነው። ሁለቱ ፓምፑን ፌስታል አልብሰውታል» አለች።

እኔ በዚያ ሰዓት ከዳላስ በስተደቡብ፣ ዊልመር ያለው የባቡር ኮንቴይነር ያርድ በር ላይ ነኝ። የጫንኩት ኮንቴይነር በሂውስተን በኩል የሚያልፍ ነው። በረኛው ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። አይገባም። ትራኩን አዙሬ ኮንቴይነሩን ከነቻሲው (ኮንቴይነር የሚጫንበት ባለጎማ ፍሬም) ይዤ ተመለስኩ። የተከራየሁት ፓርኪንግ ላይ ዘጠኝ ቀን ቆመ። ቻሲው በቀን 30 ዶላር ኪራይ ይቆጥራል። ትራክ ከገዛሁ ገና ስምንተኛ ወር ነበር።

እስከዚያ ቀን ሀሪኬን ማለት ጣሪያ የሚነቅል ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ቅጠል ሳይነቃነቅ ኪስ እንደሚያራቁት ያወቅኩት ያን ሳምንት ነው። አሁን በየዓመቱ ክረምት ላይ አዲስ ሹፌሮች ይደውሉልኛል። ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ከማወራ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ፦ የት ነው የሚመታው?

ወቅቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። የሚብሰው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው። ናሽናል ሀሪኬን ሴንተር በየስድስት ሰዓቱ ትንበያ ያወጣል። በዳላስ ሰዓት አቆጣጠር ጠዋት 4 እና 10፣ ከሰዓት 4፣ ማታ 10 ላይ ማለት ነው። ቲክቶክ ላይ ከሚጮኸው ሰውዬ ይልቅ እዚያ ግቡ።

ካርታው ላይ እንደ ቀንድ እየሰፋ የሚሄድ ነጭ ነገር ታያላችሁ። እሱ የማዕበሉ መሐል የት የት ሊያልፍ እንደሚችል ነው የሚያሳየው። የማዕበሉን ስፋት አያሳይም። ዝናቡንም አያሳይም። «እኛ ከቀንዱ ውጪ ነን» ብሎ የተኛ ሹፌር አውቃለሁ። ሃርቪ ብዙ ጉዳት ያደረሰው ከመታበት ቦታ ርቆ፣ በዝናብ ነው። ኔደርላንድ የምትባል የቴክሳስ ከተማ ላይ ከ60 ኢንች በላይ ዘነበ። አንድ ሜትር ተኩል ውሃ በሉት።

እኔ ካርታውን ሳይ የምጠይቀው፣ እዚያ መሬት ላይ ምን አለ ብዬ ነው። የቴክሳስና የሉዊዚያና ዳርቻ ከሆነ፣ የአሜሪካ ነዳጅ ማጣሪያ ግማሽ ያህሉ የገልፍ (የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ) ዳርቻው ላይ ነው። ኒው ኦርሊንስ ከሆነ፣ የምሥራቅና የምዕራብ ባቡሮች ከሚገናኙባቸው ትልልቅ መስቀለኞች አንዱ ነው። ካትሪና ኦገስት 29 ቀን 2005 ሁለቱንም መታች፤ ነዳጁንም ሀዲዱንም። ሄሊን ደግሞ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 ፍሎሪዳ ገብታ፣ ጎርፏ ምዕራብ ኖርዝ ካሮላይናና ምሥራቅ ቴኔሲ ላይ ወረደ። የባቡር መስመሩን ከወንዙ ዳር ጠራርጎ ወሰደው። እንደገና እስኪሠራ ብዙ ወራት ፈጀ። የናፍታ ዋጋ ግን ብዙም አልተንቀሳቀሰም። በመንገዷ ማጣሪያ የለማ።

ስለዚህ «ሀሪኬን መጣ፣ ናፍታ ሊወደድ ነው» የሚለው ሁልጊዜ አይሠራም። አንዳንዱ ባቡሩን ብቻ ያቆማል። አንዳንዱ ነዳጁን ብቻ ይነካል። ሁለቱን ለያይታችሁ ተዘጋጁ።

ባቡሩ ከማዕበሉ በፊት ነው የሚቆመው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም የተሳሳትኩት እዚሁ ነው። ነፋሱ ቅዳሜ ይገባል ከተባለ፣ ያርዱ እስከ ዓርብ የሚሠራ ይመስለናል። የባቡር ኩባንያዎቹ ግን ቀድመው ነው የሚዘጉት። ሎኮሞቲቮቹንና ፉርጎዎቹን ከዝቅተኛ ቦታ ያወጣሉ። ባሕሩ ዳር ያሉ ማቋረጫዎች ላይ ያሉትን የመዝጊያ ዘንጎች ነፋስ እንዳይሰብራቸው ይፈቷቸዋል። ጠጠርና ጄኔሬተር ወደ አካባቢው ያስጠጋሉ። ወደዚያ የሚሄድ አዲስ ጭነት መቀበል ያቆማሉ። ይሄ የመጨረሻው «ኢምባርጎ» ይባላል። ቃሉን ያዙት። በደንበኞች ማስታወቂያቸው ላይ ኢምባርጎ የሚል ካያችሁ፣ ወደዚያ የሚሄደውን ኮንቴይነር በር ላይ ይመልሱባችኋል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ማዕበሉ ገልፍ ውስጥ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው እንዲህ አደርጋለሁ። በእጄ ያለውን ባዶ ኮንቴይነር ሁሉ እመልሳለሁ። ያርድ ውስጥ የኔን የሚጠብቅ ሙሉ ካለ፣ ላስት ፍሪ ደዩ (ያለ ክፍያ የሚቀመጥበት የመጨረሻ ቀን) ገና ቢሆንም ቶሎ አወጣዋለሁ። ወደ ሂውስተን ወይም ወደ ኒው ኦርሊንስ አቅጣጫ የሚሄድ አዲስ ሥራ ከመጣ፣ ሥራ የሚመድበውን ዲስፓቸር በቴክስት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። «ያርዱ ካልተቀበለኝ የቻሲውን ቀን ማን ይከፍላል?» በስልክ አይደለም፣ በቴክስት። በስልክ ሁሉም «ኖ ፕሮብሌም ብራዘር» ነው የሚለው።

በር ላይ ከመለሷችሁ ደግሞ ፎቶ አንሱ። የበሩ ስክሪን፣ የኮንቴይነሩ ቁጥር፣ ሰዓቱ። እኔ በ2017 ፎቶ አልነበረኝም። 270 ዶላሩን ከኪሴ ከፈልኩ። ያሠራኝ ድርጅት «አንተ ነህ ያዘገየኸው» አለኝ። ምን ብዬ ልከራከር?

ከማዕበሉ በኋላ መቼ ይከፈታል የሚለው ሁሉም የሚጠይቀኝ ጥያቄ ነው። መልሱ ሀዲዱ ላይ በደረሰው ጉዳት ይወሰናል። መብራት ብቻ ከጠፋና ዛፍ ከወደቀ የቀናት ጉዳይ ነው። ጄኔሬተር ይሰካሉ፣ ዛፉን ይቆርጣሉ፣ ሠራተኞች ሀዲዱን እየተከተሉ ያዩታል። ውሃ ከተኛበት ውሃው እስኪሸሽ መጠበቅ ነው። የሎኮሞቲቭ መጎተቻ ሞተሮች ታች አክስሉ ላይ ስለሆኑ ጥልቅ ውሃ ውስጥ አይገባም። ከሀዲዱ ሥር አፈሩን ጎርፍ ከበላው ሳምንታት በሉት። ድልድይ ከሄደ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

የካትሪናን ጊዜ ልንገራችሁ። ያኔ እኔ ገና አሜሪካ አልነበርኩም፤ ያርድ ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች ግን ዛሬም ያወሩታል። የኖርፎክ ሳውዘርን ባቡር ፖንቻርትሬን የሚባለውን ሐይቅ የሚሻገርበት ድልድይ ወደ ስድስት ማይል ይጠጋል። ማዕበሉ የአምስት ማይል ያህል ሀዲድ ከድልድዩ ላይ ገፍቶ ውሃ ውስጥ ጣለው። ምሰሶዎቹ ግን ቆመዋል። ክሬን አምጥተው ሀዲዱን ከሐይቁ እያወጡ መልሰው ጫኑት። ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው የፈጀባቸው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ የሲ.ኤስ.ኤክስ. መስመር በሚሲሲፒ ዳርቻ ድልድዮቹን ራሳቸውን አጣ። እሱ አምስት ወር ያህል ተዘግቶ ቆየ። ባቡሮቹ በሜምፊስና በሴንት ሉዊስ እየዞሩ ሄዱ። አንድ ማዕበል፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት መስመሮች፣ አንዱ ሁለት ሳምንት፣ ሌላው አምስት ወር። ስለዚህ ዜናው «ሀዲዱ ተጎዳ» ሲል ምኑ እንደተጎዳ አንብቡ።

መስመሩ የተከፈተ ቀን ደግሞ አትሩጡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ለቀናት የቆሙት ባቡሮች ተደራርበው ይመጣሉ። ቻሲ ይጠፋል። ዊልመር በር ላይ አራት ሰዓት ተሰልፌ አውቃለሁ። ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ በሰዓት 0.8 ጋሎን ያህል ይጠጣል፣ ያውም በተወደደ ናፍታ። እኔ በዚያ ሳምንት የያርድ ሥራ ቀንሼ በመንገድ የሚሄድ ጭነት እፈልጋለሁ። ባቡር ያጣው ዕቃ ሁሉ ትራክ ስለሚፈልግ ዋጋውም ጥሩ ነው። በተለይ ዳላስንና ሂውስተንን በሚያገናኘው አይ-45 መንገድ ላይ።

ናፍታው

ማጣሪያው ሲዘጋ ዋጋው ለምን እኛ ጋ ድረስ ይመጣል? ነዳጁ ከገልፍ ወደ ሌላው አገር የሚሄደው በቧንቧ ስለሆነ ነው። ትልቁ ኮሎኒያል የሚባለው ነው። ከሂውስተን ተነስቶ ኒው ጀርሲ ይደርሳል። ጠቅላላ መስመሩ 5,500 ማይል ነው። የምሥራቅ ዳርቻ ነዳጅ 45 በመቶ ያህል በሱ ነው የሚያልፈው። ማጣሪያ ሲቆም የሚገባበት ነዳጅ ያጣል። መብራት ሲጠፋ ፓምፖቹ ይቆማሉ። በ2008 ሀሪኬን አይክ ጋልቨስተንን መታና፣ ሰልፉ የታየው አትላንታ፣ ሻርለትና ናሽቪል ላይ ነው። አትላንታ ያላችሁ ወገኖች፣ ቴክሳስ ላይ የሚሆነው ነገር የናንተም ነው።

ባቡሩም ነዳጁ ውስጥ እጁ አለበት። እዚህ የምንቀዳው ቤንዚን አሥር በመቶ ያህሉ ከበቆሎ የሚሠራ ኢታኖል ነው። ኢታኖሉ ከአዮዋና ከነብራስካ የሚመጣው በአብዛኛው በባቡር ነው። ባቡሩ ካልደረሰ ቤንዚኑ ቢኖርም ቶሎ አይቀላቀልም። ናፍታ ይሄ ጣጣ የለበትም።

አሁን ዋናው ነገር። ቤንዚንና ናፍታ እኩል አይሮጡም። ከካትሪና በኋላ የቤንዚን አማካይ ዋጋ በአንድ ሳምንት ከ2.61 ወደ 3.07 ዶላር ዘለለ። ናፍታ ከ2.59 ወደ 2.90 ነበር የሄደው። ያኔ ቤንዚን የባሰ ይመስላል። ሴፕቴምበር 24 ላይ ሪታ የምትባለው ተከተለች። ኦክቶበር 24 ላይ ቤንዚን ወደ ነበረበት ሲመለስ፣ ናፍታ ከ3.15 በላይ ነበር። መከር ነው፣ ብርዱ እየገባ ነው፣ ናፍታ ፈላጊው ብዙ ነው። በሃርቪም ናፍታ በሁለት ሳምንት ከ2.61 ወደ 2.80 ነው ቀስ ብሎ የወጣው። የባለቤቴ መኪና የሚቀዳበት ፓምፕ ዋጋው ወረደ ማለት የኔ ወረደ ማለት አይደለም።

አቀዳዴ እንዲህ ነው። ማዕበሉ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሁለቱንም ታንክ እሞላለሁ። ከገባ በኋላ ደግሞ ለመንገዴ የሚበቃኝን ብቻ እቀዳለሁ፣ ከገልፍ ራቅ ብዬ፣ ኦክላሆማ ወይም አርካንሳስ ከሄድኩ እዚያው። የሞላ ታንክ ግን ክብደት አለው። አንድ ጋሎን ናፍታ 7 ፓውንድ ይመዝናል። 200 ጋሎን 1,400 ፓውንድ ነው። ከባድ ኮንቴይነር ይዛችሁ ታንኩን ጢም ካደረጋችሁ ከ80,000 ፓውንዱ የክብደት ገደብ ሊያልፍ ይችላል። መጀመሪያ ሚዛን።

የሐሙሱ ሰልፍ ግን እስካሁን ያስቀኛል። ዳላስ ላይ ያን ቀን ነዳጅ ጨርሶ አላለቀም ነበር። ሁሉም በአንድ ቀን ሊሞላ ስለወጣ ነው ማደያዎቹ የደረቁት። እኛ ደግሞ አዲስ አበባ ለናፍታ ወረፋ ያደርን ሰዎች ነን። ሰልፍ ስናይ ለምን እንደሆነ ሳንጠይቅ እንሰለፋለን። እዚህ ያ ልማድ ያስከስራል። ግማሽ ታንክ ካላችሁ እለፉት።

ወረቀቱ

ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። ፊውል ሰርቻርጅ ማለት ናፍታ ሲወደድ የሚጨመርላችሁ ክፍያ ነው። አብዛኛው ውል የሚሠራው የመንግሥቱ ኢነርጂ ኢንፎርሜሽን አድሚኒስትሬሽን በየሳምንቱ በሚያወጣው የሰኞ አማካይ ዋጋ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ከሰኞው ዋጋ ላይ ውሉ ውስጥ ያለውን መነሻ ትቀንሳላችሁ። የሚቀረውን ትራኩ በአንድ ጋሎን ለሚሄደው ማይል ታካፍላላችሁ።

ለምሳሌ ናፍታ 3.80 ነው እንበል። መነሻው 2.00። ትራኩ በጋሎን 6 ማይል ይሄዳል። 1.80 ለ6 ሲካፈል 30 ሳንቲም በማይል። ለ240 ማይሉ የሂውስተን መንገድ 72 ዶላር። ሀሪኬኑ ናፍታውን 30 ሳንቲም ከጨመረው፣ በማይል 35 ሳንቲም ይሆናል። 84 ዶላር። አሥራ ሁለት ዶላር ብቻ ነው ልዩነቱ ትሉኝ ይሆናል። ነገር ግን ዋጋው ማክሰኞ ዘሎ ውላችሁ የባለፈውን ሰኞ ከተጠቀመ፣ ያንን ሳምንት ሙሉ ልዩነቱን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ባዶውን ስትመለሱ የሚቃጠለው 40 ጋሎን ደግሞ ሰርቻርጅ የለውም። የባቡር ኩባንያዎቹም ሰርቻርጅ አላቸው። የነሱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው ናፍታው ወርዶ ደንበኛው አሁንም «ተወደደ» እያለ የሚያማርረው።

ብሮከር (ጭነት የሚያገናኘው ደላላ) «ኦል ኢን» ብሎ አንድ ዋጋ ሲሰጣችሁ ሰርቻርጁ ውስጡ አለ ማለቱ ነው። ማዕበል ገልፍ ውስጥ እያለ ለሚቀጥለው ሳምንት ኦል ኢን ዋጋ አትቀበሉ። እኔ የምለው ይሄ ነው። «ላይን ሆሉን (የማጓጓዣውን ዋጋ) ለብቻ፣ ሰርቻርጁን ለብቻ ጻፍልኝ፤ ሰርቻርጁ በጭነቱ ሳምንት የሰኞ ዋጋ ይሁን።» አንዳንዱ ስልኩን ይዘጋል። ይዝጋ።

ሌላው ወጥመድ የሰዓት ጉዳይ ነው። አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ የ11 ሰዓቱ የመንዳት ገደብ ይነሳል ይባላል። እውነት ነው፣ ግን የሚነሳው በቀጥታ የዕርዳታ ጭነት ለያዘ ብቻ ነው። ውሃ፣ ጄኔሬተር፣ ለተጎዳው አካባቢ የሚሄድ ነዳጅ። እናንተ ሶፋ ጭናችሁ ከሆነ አዋጁ አይመለከታችሁም። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ገዥው በሚያውጀው ጊዜ የሚነሳው ለ14 ቀን ነው፤ ሎግ ቡኩ፣ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራው፣ ሲ.ዲ.ኤሉ (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱ) እንዳለ ነው። የአዋጁን ቅጂ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ቀይ ቀለም ያለው፣ ታክስ ያልተከፈለበት ናፍታም እንደዚሁ ነው። መንግሥት በግልጽ ፈቅዷል የሚል ወረቀት ካላያችሁ፣ ማደያው ሌላ የለንም ቢልም አትንኩት።

ውሃ የነካው ናፍታ

ሃርቪ ካለፈ በኋላ ሂውስተን አጠገብ ቀዳሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ትራኩ ማስነጠስ ጀመረ። ጉልበት የለም። ኋላ ሲገባኝ የማደያው ታንክ መሬት ሥር ስለሆነ ጎርፉ ገብቶበታል።

ከዚያ ወዲህ ጎርፍ የነካው አካባቢ ከቀዳሁ፣ መንገድ ከመጀመሬ በፊት የውሃ መለያ ፊልተሩን ታች ያለችውን ቧንቧ ከፍቼ ወደ ማሰሮ እቀዳለሁ። ንጹህ የብርጭቆ ማሰሮ፣ የባለቤቴ የበርበሬ ማሰሮ ነበረች፣ አሁን የኔ ናት። አምስት ደቂቃ አስቀምጧት። ናፍታ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃ ከታች ይቀራል። መሐላቸው ያለው መስመር እንደ ቢላ ነው። ከታች አንድ ጣት ያህል ውሃ ካያችሁ ሞተሩን አታስነሱ። ታንኩ ባዶ ይደረግ፣ ፊልተሩ ይቀየር። ማሰሮዋንም ፎቶ አንሱ፣ ደረሰኙን ከጎኗ አድርጋችሁ። ማደያው ሊከፍላችሁ የሚችለው በዚያ ነው። እኔን ከፍሎኛል፣ ከሁለት ወር ክርክር በኋላ።

ትርፍ ጀሪካን የምትይዙ ካላችሁ፣ ለናፍታ ቢጫ፣ ለቤንዚን ቀይ ነው። አትደባልቁ። ቀዩ እኛ ቤት ጋራዡ ውስጥ ነው ያለው። ኦገስት ሲገባ ባለቤቴ ራሷ ትሞላዋለች፣ ከናሽናል ሀሪኬን ሴንተር ቀድማ።